የመተንፈሻ መሣሪያዎች ከታካሚው በፊት በምን ይፈተሹ? የአተነፋፈስ ማስመሰያ መሣሪያዎች ፋይዳና የአገራችን ነባራዊ ሁኔታ

በሕክምና ተቋም አገልግሎት የሚያገኝ ሰው የተሰጠው መድኃኒት ካልተስማማው ይናገራል፤ የታሰረለት ፋሻ ከጠበቀበት እንዲላላለት ይጠይቃል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል በመተንፈሻ አጋዥ መሣሪያ (ቬንቲሌተር) የሚተነፍስ ታካሚ ግን ይህ ዕድል የለውም። ቱቦው በጉሮሮው በኩል ስለሚያልፍ ድምፅ ማውጣት አይችልም፤ አብዛኛውን ጊዜም በማስተኛ መድኃኒት ሥር ይሆናል። መሣሪያው ከታዘዘው በላይ አየር ቢገፋበት ወይም የሚገባውን ቢያሳንስበት ቅሬታውን ለማንም ማሰማት አይችልም። በዚህ ምክንያት የመተንፈሻ መሣሪያ ትክክለኛነት ታካሚው አልጋ ላይ ከወጣ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ መረጋገጥ ያለበት ጉዳይ ነው።

ይህን ማረጋገጫ ለመስጠት በዓለም አቀፍ ደረጃ ጥቅም ላይ ከሚውሉት ቴክኖሎጂዎች ዋነኛው የአተነፋፈስ ማስመሰያ (ሲሙሌተር) ነው። በባለሙያዎች ዘንድ "ሰው ሠራሽ ሳንባ" ወይም "የመፈተሻ ሳንባ" በሚል ስያሜም ይታወቃል። ይህ ጽሑፍ የማስመሰያውን ምንነትና አሠራር፣ በአገራችን ከፍታማ መልክዓ ምድር ያለውን ልዩ ጠቀሜታ፣ ለባለሙያዎች ሥልጠና የሚሰጠውን አገልግሎት እንዲሁም ተገልጋዮች ከጉዳዩ ጋር በተያያዘ ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን ይዳስሳል።

ጉዳዩ አሁን ትኩረት የሚሻበት ምክንያት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ይፋ ከሆነ በኋላ የመተንፈሻ አጋዥ መሣሪያዎች፣ የኦክስጅን ማምረቻዎችና የፊት ጭምብሎች ቀደም ሲል ከነበረው እጅግ በላቀ መጠን ተፈላጊ መሆናቸው ይታወሳል። እንደ ኤካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታልና የሚሌኒየም አዳራሽ የሕክምና ማዕከል ያሉ ተቋማት ለወረርሽኙ ምላሽ ሲደራጁ መሣሪያዎች በግዥም በልገሳም ወደ አገር ውስጥ ገብተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ የጤና ሥጋት የሆነበት አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን አስታውቋል። አስቸኳይ ሁኔታው ቢያበቃም መሣሪያዎቹ ዛሬም የሳንባ ምች፣ የአስም፣ የመኪና አደጋና የቀዶ ሕክምና ታካሚዎችን ያገለግላሉ።

መሣሪያ በገባበት ፍጥነት የመፈተሻና የጥገና አቅም አብሮ ካላደገ ችግር ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመና በ16 አገራት የሚገኙ ከ110 ሺህ በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን የቃኘ ጥናት ውስን አቅም ባላቸው አካባቢዎች ከሚገኙት መሣሪያዎች 38.3 በመቶ የሚሆኑት ከአገልግሎት ውጭ መሆናቸውን አመልክቷል። የሠለጠነ ባለሙያ ማነስ፣ የመለዋወጫ እጥረትና የመሠረተ ልማት ውስንነት ደጋግመው የሚነሱ ምክንያቶች ናቸው። ይሁንና ቆሞ የቀረ መሣሪያ ቢያንስ መበላሸቱ ይታያል። ይበልጥ አሳሳቢ የሚሆነው መብራቱ እየበራ፣ ድምፁ እየተሰማ፣ በመስኮቱ ላይ ትክክል የሚመስል ቁጥር እያሳየ ልኩን የሳተ መሣሪያ ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት በዓይን ማወቅ አይቻልም፤ የሚገኘው በመለካት ብቻ ነው።

የማስመሰያው ምንነትና አሠራር

የአተነፋፈስ ማስመሰያ በመሠረተ ሐሳቡ ከአንጥረኛ ወናፍ ብዙም አይርቅም። ወናፉ ሲከፈት አየር ያስገባል፤ ሲጨመቅ ያስወጣል። ልዩነቱ በማስመሰያው ውስጥ የሚገባውና የሚወጣው አየር መጠን፣ ፍጥነትና ግፊት በትክክል መታወቁና መመዝገቡ ነው።

ማስመሰያዎች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ራሳቸው የማይተነፍሱ ሲሆኑ ቬንቲሌተሩ የሚገፋውን አየር ተቀብለው እንደ ሳንባ ይለጠጣሉ። ሁለተኛዎቹ በሞተር በሚንቀሳቀስ ፒስተን ወይም ወናፍ አማካይነት ራሳቸው የሚተነፍሱ ናቸው። እነዚህ የጭምብልን፣ የኦክስጅን ማድረሻ ቱቦንና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን የአየር መሣሪያ ለመፈተሽ ያገለግላሉ።

ማስመሰያው የሰውን ሳንባ ለመምሰል ሁለት ባሕርያትን ይይዛል። አንደኛው የመለጠጥ ባሕርይ ነው። ጤናማ ሳንባ በትንሽ ግፊት ብዙ አየር ይቀበላል፤ በሳንባ ምች ወይም በከባድ ጉዳት የደረቀ ሳንባ ግን ተመሳሳይ አየር ለመቀበል እጥፍና ከዚያ በላይ ግፊት ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛው የአየር መተላለፊያው መጠን ነው። የአስም ሕመም የበረታበት ሰው አየር ለማስወጣት የሚቸገረው በቀጭን አገዳ ውስጥ እንደመተንፈስ ስለሚሆንበት ነው። ባለሙያው እነዚህን ሁለቱን በማስተካከል ማስመሰያውን አንድ ጊዜ እንደ ጤናማ ጎልማሳ፣ አንድ ጊዜ እንደ አስም ታማሚ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ እንደ ጨቅላ ሕፃን እንዲሆን ማድረግ ይችላል።

በዕረፍት ላይ ያለ ጤናማ ጎልማሳ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባው አየርም ወደ ግማሽ ሊትር ይደርሳል። በአንጻሩ 3 ኪሎ ግራም የሚመዝን አራስ ልጅ በአንድ ትንፋሽ የሚያስፈልገው አየር 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ይህም ከአንድ የሾርባ ማንኪያ አይበልጥም። ለጎልማሳ ኢምንት የሆነ የ10 ሚሊ ሊትር ስሕተት ለአራሱ ከሚያስፈልገው አየር ከግማሽ በላይ ነው። ስለዚህም ለጨቅላ ሕፃናት የሚውሉ መሣሪያዎች በአዋቂ ልክ በተዘጋጀ ማስመሰያ ተፈትሸው "ደህና ናቸው" ሊባሉ አይገባም።

የልክ ስሕተት የሚያስከትለው ጉዳት

ሳንባ ከሚገባው በላይ ሲለጠጥ ይጎዳል። ይህ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ይፋ በሆነና 861 ከባድ የሳንባ ጉዳት የደረሰባቸውን ታካሚዎች ባካተተ ጥናት ተረጋግጧል። በጥናቱ አንዱ ቡድን በሚጠበቀው የሰውነት ክብደት ልክ በኪሎ ግራም 12 ሚሊ ሊትር፣ ሌላው ቡድን ደግሞ 6 ሚሊ ሊትር አየር እንዲሰጠው ተደርጓል። ከፍተኛ መጠን ካገኙት 39.8 በመቶ፣ ዝቅተኛ መጠን ካገኙት ደግሞ 31 በመቶ የሚሆኑት ሕይወታቸው አልፏል። አዲስ መድኃኒት አልተጨመረም፤ የተለወጠው የአየሩ መጠን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአየሩን መጠን በታካሚው ቁመት ላይ ተመሥርቶ አስልቶ መስጠት የጽኑ ሕሙማን ሕክምና መሠረታዊ መርሕ ሆኗል።

ይህ መርሕ ተግባራዊ የሚሆነው ግን መሣሪያው የታዘዘውን በትክክል ሲሰጥ ነው። ሐኪሙ አስልቶ ያዘዘው 315 ሚሊ ሊትር ሆኖ መሣሪያው 420 ሚሊ ሊትር ቢሰጥ የሐኪሙ ዕውቀትና ጥንቃቄ ለታካሚው ሳይደርስ ይቀራል። እነዚህ ሁለት አሐዞች ያለምክንያት የተመረጡ አይደሉም፤ ቀጥሎ ከሚነሳው የከፍታ ጉዳይ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አላቸው።

ከፍታና የመሣሪያዎች ልክ

አብዛኞቹ የመተንፈሻ መሣሪያዎች የሚመረቱትና በመጀመሪያ የሚፈተሹት ለባሕር ወለል በሚቀርቡ አካባቢዎች ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ተመሳሳይ ክብደት ያለው አየር ይበልጥ ሰፊ ቦታ ይይዛል።

አንዳንድ የፍሰት መለኪያዎች የሚያነቡት የአየሩን ስፋት ሳይሆን ክብደቱን ነው። እንዲህ ያለ መለኪያ ለባሕር ወለል እንደተስተካከለ፣ የከፍታ ማስተካከያ ሳይደረግለት አዲስ አበባ ላይ ሥራ ቢጀምር የሚያቀርበው አየር በስፋት ሲለካ ከታዘዘው በሲሶ ያህል ሊበልጥ ይችላል። 160 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላላት ሴት በኪሎ ግራም 6 ሚሊ ሊትር ተብሎ የሚታዘዘው 315 ሚሊ ሊትር ገደማ ወደ 420 ሚሊ ሊትር የሚያድገው በዚህ መንገድ ነው። በስሌት ሲታይ ከ6 ሚሊ ሊትር ወደ 8 ሚሊ ሊትር በኪሎ ግራም ከፍ ይላል ማለት ነው።

ዘመናዊ ቬንቲሌተሮች በአብዛኛው ከፍታን የሚያስተካክል ሥርዓት አላቸው። ሆኖም በአንዳንዶቹ ማስተካከያው በባለሙያ መሞላት ያለበት ሲሆን በሌሎቹ ደግሞ የግፊት ዳሳሹ ሲያረጅ ሊዛባ ይችላል። መሣሪያ ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላ ሲዘዋወርም ጉዳዩ እንደገና ይነሳል። ኢትዮጵያ ከባሕር ወለል በታች ከሚገኘው የደናክል ዝቅተኛ ሥፍራ እስከ ሰሜኑና ደቡብ ምሥራቁ ከፍተኛ ተራሮች የሚዘልቅ መልክዓ ምድር ያላት አገር በመሆኗ በአዳማ ወይም በድሬዳዋ ልኩን የጠበቀ መሣሪያ በደብረ ብርሃን ወይም በጎባ እንዲሁ ይጠብቃል ብሎ መገመት አይቻልም። መፍትሔው መሣሪያው በሚያገለግልበት ቦታ ላይ በማስመሰያ መፈተሽ ነው። ማስመሰያውና መለኪያው ራሳቸውም ለከፍታው የተስተካከሉ መሆናቸው መረጋገጥ አለበት።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ ከአካባቢ አየር ኦክስጅን ለሚያጣሩ መሣሪያዎች (ኦክስጅን ኮንሰንትሬተሮች) ያስፈልጋል። በዓለም ጤና ድርጅት መሥፈርት መሠረት ከመሣሪያው የሚወጣው ጋዝ ቢያንስ 82 በመቶ ኦክስጅን ሊይዝ ይገባል። ለዝቅተኛ ሥፍራ የተሠራ መሣሪያ በከፍታ ቦታ ላይ ይህን ላያሟላ ስለሚችል አምራቹ የወሰነውን የከፍታ ጣሪያ ማየት ተገቢ ነው።

ከመሣሪያው የሚወጣው ኦክስጅን መጠን ታካሚው ከሚያገኘው ጋር አንድ አለመሆኑንም ማስመሰያው ያሳያል። በአፍንጫ ቱቦ በደቂቃ 2 ሊትር ኦክስጅን የሚሰጠው ሰው ወደ ውስጥ በሚስብበት ቅጽበት አየሩን የሚስበው በደቂቃ 30 ሊትር በሚደርስ ፍጥነት ነው። ቀሪውን የሚሞላው የክፍሉ አየር ስለሆነ ኦክስጅኑ ይቀጥናል። ሕመሙ ጠንክሮበት ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይቀጥንበታል። በዚህም የተነሳ ባለሙያዎች የመሣሪያውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን በጣት ላይ በሚደረግ መለኪያ (ፐልስ ኦክሲሜትር) የታካሚውን የደም ኦክስጅን ይከታተላሉ።

ጭምብልና የእሳት አደጋ ሠራተኞች የአየር መሣሪያ

የማስመሰያው አገልግሎት በሆስፒታል ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአውሮፓ የመከላከያ ጭምብሎች ደረጃ መሠረት ጭምብሉ በሰው ጭንቅላት ቅርጽ በተሠራ ሞዴል ላይ ይደረግና ከበስተጀርባው ያለው ማስመሰያ በደቂቃ 25 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽም 2 ሊትር አየር ይተነፍስበታል። በዚህ ጊዜ መልሶ የሚሳበው አየር በአማካይ ከ1 በመቶ የበለጠ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊይዝ አይገባም። ደቃቅ ብናኝን የማጣራት ብቃት በሌላ ምርመራ ይለካል፤ ኤፍ.ኤፍ.ፒ.2 የሚባለው ቢያንስ 94 በመቶ፣ ኤን95 የሚባለው ደግሞ ቢያንስ 95 በመቶ ማጣራት ይጠበቅባቸዋል።

በወረርሽኙ ወቅት በተለያዩ አገራት ገበያ ከዋሉ ጭምብሎች መካከል በላያቸው የተጻፈውን የማያሟሉ መገኘታቸው ይታወሳል። በአገራችንም በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚገኙ አምራቾችን ጨምሮ የአልባሳት ፋብሪካዎች ፊታቸውን ወደ ጭምብል ምርት ማዞራቸው ለአቅርቦቱ ጉልህ አስተዋጽኦ ነበረው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የማምረት አቅም ካለ በአገር ውስጥ የመፈተሽ አቅም አብሮ ሊገነባ እንደሚገባ ነው። የመፈተሽ አቅም ከሌለ ጥሩ ያመረተው ከአጭበርባሪው አይለይም፤ ገዢውም የሚተማመነው በማሸጊያው ጽሑፍ ብቻ ይሆናል።

በእሳት አደጋ ሠራተኞች ዘንድ ጉዳዩ በደቂቃዎች የሚለካ ነው። በጀርባ የሚታዘል 6.8 ሊትር የሚይዝና በ300 ባር የተሞላ ሲሊንደር 2 ሺህ ሊትር ገደማ አየር ይይዛል። የአውሮፓ ደረጃ መሣሪያው በማስመሰያ በሁለት ልክ እንዲፈተሽ ያዛል፤ አንዱ በደቂቃ 50 ሊትር፣ ሌላው በደቂቃ 100 ሊትር ነው። በቀላል ስሌት በመጀመሪያው ልክ የሚተነፍስ ሠራተኛ 40 ደቂቃ፣ ደረጃ እየወጣ ሰው ተሸክሞ በሁለተኛው ልክ የሚተነፍሰው ግን 20 ደቂቃ ብቻ ይቆይለታል። ለመውጫ የሚቀመጠው መጠባበቂያ ሲቀነስ ጊዜው የበለጠ ያጥራል። መሣሪያው በከባድ ትንፋሽ ጊዜ በቂ አየር የማይለቅ ከሆነ በጭስ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ጭምብሉን አውልቆ ሊጥል ይችላል። ይህ ጉድለት በመፈተሻ ክፍል ውስጥ እንጂ በሚቃጠል ሕንፃ ውስጥ መታወቅ የለበትም።

ለሥልጠና ያለው ፋይዳ

በአሻንጉሊት መሰል ሞዴል ላይ ትንፋሽ መስጠትን ማሠልጠን የቆየ ታሪክ አለው። በኖርዌይ የአሻንጉሊት አምራች የነበረው አስሙንድ ሌርዳል ከሐኪሞች ጋር በመተባበር ያዘጋጀው የማሠልጠኛ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1960 ለአገልግሎት ከበቃ ወዲህ ቁጥራቸው እጅግ የበዛ ሰዎች የመጀመሪያ ዕርዳታን ተምረውበታል። እ.ኤ.አ. በ2010 በተጀመረው "ሕፃናት እንዲተነፍሱ መርዳት" በሚለው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብርም አዋላጆች በጨቅላ ሕፃን ሞዴል ላይ በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት (አምቡ ባግ) ትንፋሽ መስጠትን ይለማመዳሉ። የሕፃኑ ደረት ከፍ ካላለ አየሩ እየገባ እንዳልሆነ ሠልጣኟ ወዲያው ታያለች፤ ጭንብሉን አስተካክላ እንደገና ትሞክራለች።

የዚህ ሥልጠና ዋጋ ለአገራችን ግልጽ ነው። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ ሕይወታቸው ያልፋል። ከሚወለዱ ሕፃናት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት መተንፈስ ለመጀመር እርዳታ ያስፈልጋቸዋል፤ እርዳታውም በተወለዱ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ሊደርስ ይገባል። በዚያች ደቂቃ መመሪያ ለማንበብ ጊዜ የለም፤ የሚሠራው እጅ አስቀድሞ የለመደው ብቻ ነው።

በጽኑ ሕሙማን ክፍልም ማስመሰያው ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። አሠልጣኙ ቱቦውን በድንገት ይነቅላል፤ አየር እንዲያፈስ ያደርጋል፤ ሳንባውን ያደርቃል ወይም የኤሌክትሪክ ኃይል ያቋርጣል። ነርሷና ሐኪሙ የማንቂያ ድምፆችን ለይተው ምክንያቱን ይፈልጋሉ፤ መሣሪያው ካልታረመ ታካሚውን ነቅለው በእጅ ትንፋሽ መስጠትን ይለማመዳሉ። በዚህ ልምምድ የሚፈጸም ስሕተት ማንንም አይጎዳም፤ ደጋግሞ ለመሳሳትና ለመታረም ያስችላል።

ይሁን እንጂ ማስመሰያው ሰው አይደለም። አያስልም፤ አክታ አያፈራም፤ አይፈራም። በማስመሰያ ላይ የሠለጠነ ባለሙያ በታካሚ ላይ በአንጋፋ ባለሙያ ክትትል ሥር መሥራት ይኖርበታል። በማስመሰያ የተፈተሸ መሣሪያም የታካሚውን የዕለት ክትትል አይተካም።

የተቋማት ድርሻና ቀሪ ሥራዎች

በአገራችን ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉ ተቋማት አሉ። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሕክምና መሣሪያዎችን ደኅንነትና ጥራት ይቆጣጠራል። የደረጃዎች፣ የሥነ ልክና የተስማሚነት ምዘና ተቋማት ደግሞ እንደየኃላፊነታቸው ደረጃ የማውጣት፣ መለኪያዎችን የማመሳከርና ምርትን የመመዘን ሥራ ያከናውናሉ። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በግዥና ሥርጭት ይሳተፋል። እንደ ጅማና አዲስ አበባ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የባዮሜዲካል መሐንዲሶችን ያፈራሉ።

ቀሪው ሥራ እነዚህን አቅሞች እስከ መሣሪያው አልጋ ድረስ ማገናኘት ነው። ለዚህም ሦስት ነጥቦች ትኩረት ይሻሉ።

የመጀመሪያው ግዥን ይመለከታል። መሣሪያ ሲገዛም ሆነ በልገሳ ሲቀበሉት የመፈተሻ ሳንባ፣ መለዋወጫ፣ ሥልጠናና የከፍታ ማረጋገጫ የውሉ አካል ካልሆኑ ወጪው አይቀርም፤ ወደ ሆስፒታሉ ይሸጋገራል እንጂ። ልገሳን በተመለከተ "የማይሆነንን አንቀበልም" ማለት ውለታ ቢስነት አይደለም፤ ታካሚን መጠበቅ ነው።

ሁለተኛው የሥርጭት ጉዳይ ነው። በኮምፒውተር የሚመራ ማስመሰያ ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ በየሆስፒታሉ ሊኖር አይችልም፤ ሊኖርም አያስፈልግም። ቬንቲሌተር ባለበት ክፍል ሁሉ ዋጋው አነስተኛ የሆነ የመፈተሻ ሳንባ መኖሩ፣ ትክክለኛ ልክ የሚያነቡ መለኪያዎች በየአካባቢው በሚገኙ የጥገና ማዕከላት መገኘታቸው፣ የላቁት ማስመሰያዎች ደግሞ በብሔራዊ ቤተ ሙከራና በዩኒቨርሲቲዎች መደራጀታቸው ለወጪም ለውጤትም የተመጠነ አካሄድ ነው።

ሦስተኛው የሰው ኃይል ነው። የመፈተሽ ሥራ በጥገና ጥያቄዎች መካከል ትርፍ ጊዜ ሲገኝ የሚሠራ ከሆነ አይሠራም። ባለሙያው የተመደበ ጊዜና የመመዝገቢያ ሥርዓት ሊኖረው፣ ልኩን የሳተ መሣሪያ ሲያገኝም ከአገልግሎት የማስወጣት ሥልጣን ሊሰጠው ይገባል። አንድ መሣሪያ ብቻ ባለበት ሆስፒታል ይህ ውሳኔ ቀላል እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ያም ሆኖ ሐኪሙ ጉድለቱን አውቆ የሚወስነው ውሳኔ ሳያውቅ ከሚወስነው ይሻላል።

ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

የመፈተሽ ኃላፊነት የተቋማት ቢሆንም ተገልጋዮች በሚከተሉት ጉዳዮች የበኩላቸውን ድርሻ ሊወጡ ይችላሉ።

1. የታካሚ ቤተሰብ መሣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸው መቼ እንደሆነ በአክብሮት መጠየቅ ይችላል። የፍተሻ ቀን የሚያሳይ ምልክት በመሣሪያው ላይ መለጠፍ የተለመደ አሠራር ነው። ቱቦ መንካት፣ የማንቂያ ድምፅ ማጥፋት ወይም የኦክስጅን መጠን መቀየር ግን ለባለሙያ ብቻ የተፈቀደ ነው።

2. በቤት ውስጥ ለሚገለገሉበት ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር የሚገዙ ሰዎች መሣሪያው በባለሥልጣኑ መመዝገቡን፣ በመመሪያው ላይ የተጻፈው የከፍታ ጣሪያ ከመኖሪያ አካባቢያቸው ከፍታ ማነስ አለማነሱን እንዲሁም ሻጩ የጥገና አገልግሎት የሚሰጥ መሆኑን አስቀድመው ሊያረጋግጡ ይገባል። የኦክስጅኑ መጠን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይወሰናል። ለሌላ ታካሚ የተስተካከለ መሣሪያ ተውሶ መጠቀም አደገኛ ነው።

3. ኦክስጅን እሳትን ያባብሳል። መሣሪያው ባለበት ክፍል ሲጋራ ማጨስ፣ ጧፍና ሻማ ማብራት፣ የከሰል ምድጃ ማቀጣጠልም ሆነ ዕጣን ማጨስ አይገባም። ለጥየቃ የሚመጡ እንግዶችም ይህንኑ እንዲያውቁ ማድረግ ያስፈልጋል።

4. የመከላከያ ጭምብል የሚጠቅመው ፊት ላይ ሲገጥም ነው። በአፍንጫና በጉንጭ በኩል አየር የሚያስገባ ጭምብል የማጣራት ብቃቱ የቱንም ያህል ከፍ ያለ ቢሆን ጥቅሙ ይቀንሳል። ጢም ያላቸው ሰዎች ይህን ልብ ሊሉ ይገባል።

5. ሠራተኞቻቸውን በአቧራ፣ በኬሚካል ርጭት ወይም በጭስ ውስጥ የሚያሠሩ ድርጅቶች ለአደጋው ዓይነት የሚስማማ ጭምብል የማቅረብና አጠቃቀሙን የማሠልጠን ኃላፊነት አለባቸው። ብናኝን የሚያጣራ ጭምብል ጋዝን እንደማያጣራ ሊታወቅ ይገባል። በተለይ ኦክስጅን ባነሰበት ጉድጓድና ታንከር ውስጥ ምንም ዓይነት የሚያጣራ ጭምብል ሕይወት አያድንም፤ ከውጭ አየር የሚያቀርብ መሣሪያ ያስፈልጋል።

6. ጥራቱ ያጠራጠረ ወይም ጉዳት ያደረሰ መሣሪያ ሲያጋጥም ለሕክምና ተቋሙ አስተዳደርና ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማሳወቅ ይገባል። የመሣሪያው ስም፣ ሞዴልና መለያ ቁጥር ቢያያዝ ማጣራቱን ያፋጥናል።

ማጠቃለያ

የመተንፈሻ መሣሪያዎች ብዛት አንድ አገር ለጽኑ ሕሙማን ያላትን ዝግጁነት የሚያሳይ አንድ መለኪያ ነው። ከብዛቱ ባልተናነሰ የሚያስፈልገው መሣሪያዎቹ ልካቸውን መጠበቃቸውንና የሚያንቀሳቅሳቸው እጅ መሠልጠኑን ማረጋገጥ ነው። የአተነፋፈስ ማስመሰያ ሁለቱንም የሚያገለግል መሣሪያ በመሆኑ በግዥ ዝርዝር ግርጌ የሚቀመጥ ተጨማሪ ዕቃ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

"ሳይቃጠል በቅጠል" እንዲሉ፣ ጉድለት ርካሽ በሆነ ሰው ሠራሽ ሳንባ ላይ ተገኝቶ ሲታረም ዋጋው የባለሙያው የጥቂት ደቂቃዎች ሥራ ነው። ሳይታወቅ ቆይቶ በታካሚ ሳንባ ላይ ሲገለጥ ግን የሚያስከፍለው ዋጋ በገንዘብ የሚተመን አይሆንም። ስለሆነም የጤና ተቋማት፣ ተቆጣጣሪ አካላት፣ አቅራቢዎች፣ ለጋሾችና ተገልጋዮች መናገር ለማይችለው ታካሚ ሲባል ፍተሻ ከአገልግሎት እንዲቀድም በየድርሻቸው ሊሠሩ ይገባል።